ኖ ኮመንት በምትባል ጀልባ ላይ ወጥ ስሠራ

ስለ ባሕር የማውቀውን ሁሉ በአንድ ቃል ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ እርጥብ ነው። ከዚህ ያለፈ እውቀት ሳይኖረኝ ነው በኮቪድ ሁለተኛው ሰመር፣ በፍልሰታ ጾም፣ የእሽቅድምድም ጀልባ ምግብ አብሳይ የሆንኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ የገባሁበት ትልቁ ውኃ የአፓርታማዬ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። እሱንም ቢሆን ስገባ ግድግዳውን ይዤ ነው።

ነገሩ የመጣው በጋሼ መኮንን ነው። ጋሼ መኮንን በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበሩ። በሱዳን በኩል ተሰደው ኮሎምበስ ገቡ፤ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠሩ፤ ኢስትሙር ሰፈር ቤት ገዙ፤ ሶስና የምትባል አንዲት ልጅ አሳድገው አስተማሩ። እዚያው መኪና ማቆሚያ ጂም የሚባል ፈረንጅ አብሯቸው ይሠራ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከኮንክሪት ጣሪያ ሥር የሰው መኪና ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ ሁለት ሰዎች ጡረታ ሲወጡ የሚናፍቃቸው ሰማይ ነው መሰለኝ፣ ተባብረው አንድ አሮጌ ባለሸራ የእሽቅድምድም ጀልባ ገዙ። ሁለት ሰዓት ወደ ሰሜን ተነድቶ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ያቆሟታል። ስሟን ያወጣላት የቀድሞ ባለቤቷ ነው፤ ኖ ኮመንት ትባላለች፣ የምለው የለኝም እንደማለት። ጋሼ መኮንን ሊቀይሩት አስበው ነበር፤ ጂም ግን የጀልባ ስም መቀየር ገድ አይደለም ብሎ አሻፈረኝ አለ።

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ በመጀመሪያው የኮቪድ ዊንተር አረፉ። ያን ጊዜ ለቅሶ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መቃብር የቆሙት አሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቻችን መኪና ውስጥ ሆነን በስልክ አየን። ሐዘን ቤት መቀመጥ የለም። ምግብ የሚያመጣ ሰው በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። እኔም ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ዘጠኝ ዓመት ምግብ ቤት ውስጥ ያበሰልኩ ሰው ነኝና የምችለውን ያህል አሳምሬ ምስር ወጥ ሠራሁ፤ በረንዳቸው ላይ አኖርኩ፤ ደወሉን ተጫንኩ፤ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል አላጋነንኩም፤ በረዶው ላይ አንዴ ወድቄያለሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ጋሼ መኮንን በሩን ከፍተው ቆመዋል። ድስቱን አላዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነው። እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም በመስኮት እጄን አውለብልቤ ሄድኩ።

ልጄ አስም አለባት። ሚስቴ ሰው ቤት እንዳትገባ ብላ አስጠንቅቃኛለች። የጤና ቢሮውም ተከልክሏል ብሏል። ሦስቱም እውነት ነው። ግን ጋሼ መኮንን ያነሱት እጅ ከዓይኔ አልወርድ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት በጎን በር መውጣት ጀመርኩ። ገበያ ላይ ባያቸው ፊቴን ወደ ሽንኩርቱ አዞራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ።

ነሐሴ ሲገባ እሳቸው ራሳቸው ኮል አደረጉኝ። ሰላምታው እንኳን በደንብ ሳያልቅ፣ ምግብ አብሳይ እንዳጡ፣ ውድድሩ ሐሙስ ጠዋት ተነሥቶ የሐይቁን ደሴቶች ዞሮ ዓርብ እንደሚያልቅ፣ ጀልባ ላይ ማብሰል እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። በዚያን ሰዓት ጨረቃ ላይ ታበስላለህ ወይ ቢሉኝም እሺ ነበር የምለው።

"ሹር ጋሼ" አልኩ።

"ባሕር ያምህ ይሆን?"

"እኔን?" አልኩና ሳቅሁ። ሰውየው ሳቄን እንደ መልስ ቆጠሩት።

ምግብ ቤቱ በኮቪድ ከተዘጋ ወዲህ የምሠራው ዌርሃውስ ውስጥ ነው፤ ካርቶን አሽጋለሁ። እንደ አብሳይ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ ክብሬ ተነክቶ ከርሟል። ስለዚህ የሁለት ቀን ዕረፍት ጠይቄ ለአራት ሰው የሰርግ ዝግጅት አዘጋጀሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ የምግብ ቤቱን ትልቅ ድስት፣ የእንጨት መክተፊያ፣ እንጀራ፣ እንዲሁም ሽንኩርት መፍጫ ብሌንደር ያዝኩ። ብሌንደሩ የሚሰካበት ግድግዳ ባሕር ላይ እንደማይኖር ያሰብኩት ወደቡ ላይ ቆሜ ነው።

ወደቡ ላይ ጂም የሻንጣ ሚዛን ይዞ ጠበቀኝ። አዎ፣ አዲስ አበባ ስንሄድ ኤርፖርት ላይ የሚያስለቅሰን ያው ሚዛን። የእሽቅድምድም ጀልባ ላይ የጥርስ ብሩሽ እጀታ እንኳን ተቆርጦ እንደሚገባ አስረዳኝ፤ የራሱንም አውጥቶ አሳየኝ፤ እንደ ክብሪት አጥሯል። ለምግብ የተፈቀደው ሃያ ፓውንድ ነው። የእኔን ሻንጣ አንጠልጥሎ ሚዛኑን አየው፤ እንደገና አየው፤ ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠው። ድስቱ ቀረ፤ መክተፊያው ቀረ፤ ብሌንደሩማ ሳይመዘን ቀረ። በምትኩ አንዲት የሻይ ማፍያ የምታክል ድስት ሰጠኝ፤ አመድ የሚመስል ደረቅ ምግብ የታሸገባቸው ከረጢቶችም አሳየኝ። ሙቅ ውኃ ከተጨመረበት ራት ይሆናል አለኝ። እንጀራውንም ሊያስቀር እጁን ሲዘረጋ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ሄድኩ።

ሚዛኑ ሰው አይመዝንም። እንጀራውን በፕላስቲክ ደጋግሜ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ ዞርኩት፤ በነጠላ አሠርኩት፤ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ላይፍ ጃኬት ደረብኩ። ስመለስ ጂም ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ፓርኪንጉ ላይ ቀጠን ያልክ መስለኸኝ ነበር አለኝ። ከአባቷ ጋር የምትሳፈረው ሶስና ፊቷን አዞረች። ጋሼ መኮንን መሪው ዘንድ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ያያሉ፤ ጃኬታቸው ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። እንደዚያ መክሳታቸውን ያን ዕለት ነው ያየሁት። ሰውን በጎን በር እየወጡ ሲያመልጡት መክሳቱም ያመልጣል።

ተነሣን። ሌላኛው ዳርቻ ካናዳ ነው ይላሉ፤ አይታይም። ዳርቻው የማይታይ ውኃ ሐይቅ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ በሌላ ቀን እንገናኝ። መጀመሪያ ነፋሱ ለስላሳ ስለነበር ወደ ታችኛው ክፍል ወርጄ ሥራ ጀመርኩ። ምድጃዋን ስነካት ተወዛወዘች። ግራና ቀኝ በሁለት ብሎን ብቻ ነው የተንጠለጠለችው፤ ከታች የሚይዛት ነገር የለም። እነዚህ ሰዎች በተበላሸ ምድጃ ነው ለካ የሚኖሩት ብዬ አዘንኩላቸው። ገመድ ፈልጌ አራቱን ማዕዘን አሠርኳት፤ ፎጣ አጣጥፌ በሥሯ ወተፍኩ። ቀጥ አለች። ምስሬን ጣድኩ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው ወደ ላይ ወጣ፤ ጂም ከላይ ሆኖ በአድናቆት አንድ ነገር አለ። ከሁለት ሺህ ሃያ ወዲህ የዚያን ቀን ያህል ሰው የመሆን ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ምድጃዋ የተንጠለጠለችው ተበላሽታ አለመሆኑን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ምድጃዋ እየተወዛወዘች ቀጥ ብላ እንድትቆም፣ ድስትም እንዳይደፋ ነው እንደዚያ የተሠራችው። ይህንን ዛሬ ስነግራችሁ የቴክኒክ አስተማሪ መስዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ድስቱ ነው ያስተማረኝ። ከላይ ጋሼ መኮንን ልንዞር ነው ብለው ተናገሩ። ልንዞር ነው ማለት እኔ ወደ ሌላ መንገድ ልንታጠፍ ነው ብዬ ተረዳሁ። ጀልባዋ ግን በጎኗ ተኛች። ግድግዳው ወለል ሆነ፤ እኔ ግድግዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ ምድጃዋ ባሠርኳት ገመድ እንደ ጀልባዋ ተጋደመች፤ ድስቱም ከነምስሩ በፊቴ በኩል አልፎ ጥግ ላይ በተቀመጠ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ገባ። ከረጢቱ አፉ ክፍት ነበር። ውስጡ ነፋስ ሲደክም የሚሰቀለው ቀጭኑ ነጭ ሸራ ነው።

"ምንድነው እሱ?" አሉ ጋሼ መኮንን ከላይ።

"ድስት ነው ጋሼ።"

"ደህና ነው?"

"ድስቱ ደህና ነው።"

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። ሸራውን በፎጣ ጠረግሁ፤ ስጠርገው ቀዩ ሰፋ። የተበላሸውን ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ የከረጢቱን አፍ አሠርኩ፤ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የቀረውን ሰዓት ባሕሩ ራሱ ተረከበኝ። ሲያስመልሰኝ ጂም አድማሱን እይ አለኝ። አየሁት። አድማሱም እየዘለለ ነበር።

ማምሻውን የበላነው የጂምን ከረጢት ነው። ውኃ ጨምሬ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ፓስታ እንደሆነ ያነበብኩት ከበላሁት በኋላ ነው። ከፓስታው በላይ ያስገረመኝ ግን አበላላችን ነበር። ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ሲሠራ ሁለቱ ያርፋሉ፤ ተራው የደረሰ ከረጢቱን ይዞ ወደሚመለከትበት አቅጣጫ ዞሮ ይበላል። አራት ሰዎች ዘጠኝ ሜትር በማትሞላ ጀልባ ላይ ሆነን አራት ቦታ በላን። የጋሼ መኮንንን ከረጢት መሪው ዘንድ ወሰድኩላቸው። አመሰገኑኝ፤ የጾም መሆኑን አይቼ እበላለሁ አሉኝ። በጾም የተከራከረ የለምና ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማንኪያ ሳለቃልቅ ከረጢቱን የሶስና እጅ ላይ አየሁት፤ እንደታሸገ ነው። ሶስና የነርሲንግ ትምህርቷን ጨርሳ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን ብዙውን በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሂ ዳዝንት ኢት፣ አንክል" አለችኝ። አይበላም።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ሠላሳ ፓውንድ ቀንሰዋል። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ ምንም አላገኘባቸውም። ስትደውልላቸው በልቻለሁ ይሏታል፤ ስትመጣ አብስላ ታስቀምጣለች፤ ስትመለስ እንዳስቀመጠችው ታገኘዋለች። ጀልባዋ ደግሞ ድሮም ምግብ አብሳይ ኖሯት አያውቅም፤ እኔ እንድጠራ ያደረገችው ራሷ ሶስና ናት። ለምን እኔን ብዬ ጠየቅኋት።

"ምክንያቱም" አለች በአማርኛ ቀስ እያለች፣ "ማሚ ስትሞት አንተ መጥተሃል። አባቢ ነግሮኛል።"

እጄ ላይ ያለውን ማንኪያ ደጋግሜ አጠብኩት። ባሕር ላይ ውኃ እንደዚያ አይባክንም።

"በር ድረስ ነው የመጣሁት" አልኳት። የሰማችኝ አይመስለኝም፤ ከላይ ጂም ተጣርቶ ነበር። ነፋሱ እየደከመ ነው፤ ቀጭኑ ሸራ ይውጣ አለ።

ከረጢቱን እኔው ራሴ አቀበልኩት። በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ የወጣው አየር ነው። ጂም ገመዱን ሳበ፤ ሸራው ወደ ላይ ወጣ፤ ነፋሱን ይዞ ተነፋ። መካከሉ ላይ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ብርድ ልብስ የሚያህል፣ ከላይ ደማቅ ሆኖ ወደ ታች የሚንጠባጠብ ቀይ ታየ። እዚህም እዚያም ምስር ተለጥፎበታል።

ጂም ኮፍያውን አወለቀ። በስተቀኛችን የምታልፍ ጀልባ ላይ የነበሩ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱን። ብዙም ሳይቆይ የውድድሩ ዳኞች የሞተር ጀልባ እየበረረች መጣች፤ በድምፅ ማጉያ የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቁን። ጂም የለም አላቸው። ደሙ የማን ነው አሉ። ደም አይደለም አላቸው። የጀልባችሁ ስም ማን ነው አሉት።

"ኖ ኮመንት" አለ ጂም።

ጌታዬ፣ የጀልባችሁን ስም ነው የጠየቅንህ አሉት። እሱም የጀልባዬን ስም ነው የነገርኳችሁ አላቸው። ሁለት ሰዎች ወደ እኛ ጀልባ ሊዘሉ ቆመው ተዘጋጁ፤ አንደኛው የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ይዟል። በመጨረሻ ሶስና ተነሥታ ጮክ ብላ ምስር ነው አለቻቸው፤ ሌንትልስ። ከማዶ ያለው ሰውዬ ስፔል አድርጊው አላት። እሷ አንድ በአንድ ፊደሉን ስትጠራ፣ ሰውዬው በቁም ነገር ወረቀት ላይ ይጽፋል። እኔ በዚያች ሰዓት ውኃው ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ አስብ ነበር።

ጋሼ መኮንን ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ድስቱ ደህና ነው ያልከኝ ይሄን ነው?"

"ድስቱማ ደህና ነበር ጋሼ።"

ትከሻቸው ተነቀነቀ። መጀመሪያ ያሳላቸው መስሎኝ ነበር። ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪጠፋ፣ መሪው ከእጃቸው እስኪያመልጥ ሳቁ። ሶስናም የጀልባዋ ወለል ላይ ተቀምጣ አብራ ሳቀች። ቆይቶ የእሳቸው ሳቅ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። ሶስና ልትነሣ ስትል በዓይኔ ከለከልኳት።

ከዚያ ነፋሱ ጨርሶ ቆመ። ቀዩ ሸራችን እንደታጠበ ልብስ ተንጠለጠለ። ጀልባዎቹ ሁሉ ባሉበት ቀሩ፤ ውኃው የመስታወት ያህል ረጋ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። የፍልሰታን ጾም ውለው ለሚበሉም ሰዓቱ ደርሷል፤ ከእንግዲህ ሰበብ የለም። ወደ ታች ወረድኩ። ምድጃዋን ያሠርኩበትን ገመድ ፈታሁ፤ ፎጣውን አወጣሁ፤ እንደፈለገች ትወዛወዝ ብዬ ተውኳት። በዚያች ሻይ ማፍያ መሳይ ድስት ሽሮ ሠራሁ። ከዚያ ላይፍ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ሹራቤን ገለጥኩ፤ እንጀራዬን ከወገቤ ፈታሁ። ሌሊቱን ታጥቄው ስላደርኩ በሙቀቴ ለስልሷል፤ ፕላስቲኩ ግን አልተቀደደም። ጂም ከላይ አጎንብሶ ሲያየኝ ቆይቶ ሽንት ቤት ደርሰህ ስትመጣ የወፈርከው ለዚህ ነው ለካ አለኝ።

ትሪ የለም። የጀልባዋን የካርታ ሰሌዳ ገለበጥኩና ንጹሕ ፎይል አንጥፌ እንጀራውን ዘረጋሁበት፤ ሽሮውን መካከል አፈሰስኩ። መሪው ዘንድ ወስጄ ጋሼ መኮንን እግር ሥር አኖርኩት። ሶስናም ጂምም መጥተው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ነፋስ ስለሌለ የማንም ተራ አልነበረም።

"እናንተ ጀምሩ" አሉ ጋሼ መኮንን። "እኔ መሪውን ይዣለሁ፤ ስትጨርሱ እበላለሁ።"

ጀልባዋ አትንቀሳቀስም። ወዴት እንደሚመሯት አላውቅም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት ድስት አስቀምጬ የሮጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ። ስትወድቅም አይቻለሁ።"

"መግባት ነበረብኝ።"

"አትገባም ነበር። ጊዜው አይፈቅድም።" ውኃውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ እንደ ወሬ እንዲህ አሉኝ፦ "አሥራ አራት ድስት ነበር በረንዳዬ ላይ። ሁሉንም አስገባሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ምግቡ መልካም ነበር፤ ያንተም መልካም ነበር። ብቻ በሞቴ ብላ የሚለኝ ሰው ጠፋ። አንድ ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ራሱ አንሥቶ አይበላም እኮ። ሰው ነው የሚያስገድደው። እኔ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የሚያስገድደኝ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ረኀቡም ተወኝ።"

ሶስና አንገቷን ደፋች። ጂም አማርኛው ባይገባውም ማኘክ አቆመ።

አፌ ሰነፍ ቢሆንም እጄ ግን ሥራውን ያውቃል። ከኪሴ ሳኒታይዘር አወጣሁና እጄን እስከ ክርኔ አሸሁት፤ ያን ጊዜ ሳያሹ ሰው ፊት እጅ አይዘረጋም። እንጀራውን ቆረስኩ፤ ሽሮውን ጠቀለልኩ። እጄን ወደ ሰው አፍ ካደረስኩ ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል። ጥቂት ሽሮ ጉልበታቸው ላይ ጠብ አለ።

"በሞቴ፣ ጋሼ" አልኩ።

አዩኝ። አንድ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ አፋቸውን ከፈቱ።

ቀስ ብለው አኘኩ። ዋጡ። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፦

"አልኮል አልኮል ይላል" አሉ።

"ሳኒታይዘሩ ነው ጋሼ።"

"ሁለተኛው የተሻለ ይሆናል።"

ሁለተኛውን ሶስና አጎረሰቻቸው። ሦስተኛውን ጂም ሞከረ፤ እሳቸው አፍ ሳይደርስ ፈርሶ ጢማቸው ላይ የቀረው ይበዛል። ከዚያ በራሳቸው እጅ ጀመሩ። መሪውን ለቀቁት። እንጀራውን ከዳር ወደ መካከል እየቆረሱ፣ እንደ ተራበ ሰው በሉ።

ነፋሱ የመጣው በዚያ መካከል ነው። ውኃው ከሩቅ ጠቆረ፤ ፊት ለፊታችን ያሉት ጀልባዎች አንድ በአንድ ሸራቸው እየተነፋ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ጂም በጉልበቱ ተነሥቶ ለጋሼ መኮንን አመለከታቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስድስተኛ ነበርን፤ ነፋሷን ከያዝናት አራተኛ እንሆናለን አለ። ጋሼ መኮንን ጠቆር ያለውን ውኃ በባሕር ኃይል ዓይናቸው መዘኑት። ከዚያ ገበታውን አዩት፤ ከግማሽ በላይ ቀርቷል።

"ይቆይ" አሉት። "እየበላን ነው።"

ጂም ለአፍታ ቆሞ ቀረ። የጥርስ ብሩሹን እጀታ የቆረጠ ሰው ነው እኮ። አሥራ አንድ ጀልባዎች በአጠገባችን ሲያልፉ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ተቀመጠና እጁን ወደ እንጀራው ሰደደ። ገበታው ሲያልቅ ፎይሉን ራሱ ጠረገው። መጨረሻ ወጣን። ለእኛ ሲባል ማጠናቀቂያ መስመሩ ላይ የቀሩት ዳኞች፣ ስማችንን ሳይጠይቁ ጻፉት።

ወደብ ላይ አድረን ቅዳሜ ረፋድ ተመለስን። ሶስና በራሷ መኪና በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ጂምን ሉዊስ ሴንተር ቤቱ አድርሼ ጋሼ መኮንንን ወደ ኢስትሙር ይዤ ወረድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ስደርስ ሻንጣቸውን አቀበልኳቸውና ተመልሼ መሪዬን ያዝኩ። በሩን ከፈቱ፤ አልዘጉትም፤ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሞተሩን አጥፋው እንጂ" አሉኝ።

አጠፋሁት። ገባሁ። የመመገቢያው ጠረጴዛ ስምንት ወንበር አለው፤ ላዩ በፖስታና በሱፐርማርኬት ወረቀት ተሞልቷል። ሁሉንም በክንዳቸው ጠርገው መሬት ላይ አወረዱትና ተቀመጥ አሉኝ። እኔ ልሥራ ብዬ ወደ ኩሽናው ተነሣሁ፤ አሁን እንግዳ ነህ ብለው መለሱኝ። ፍሪጁን ሲከፍቱት ከኋላ ሆኜ አየሁት። ውኃና ሰናፍጭ ነበር። መደርደሪያው ላይ ግን ዳቦና አንድ ትልቅ የኦቾሎኒ ቅቤ ማሰሮ አለ፤ ቢላዋው ከነቅቤው ሲንኩ ዳር ተጋድሟል። ስምንት ወር ሙሉ በሕይወት ያኖራቸው እሱ እንደሆነ፣ እሱንም ቆመው ይበሉት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ሁለት ቁራሽ ዳቦ አወጡ። ቅቤውን ቀቡት፤ እስከ ጠርዙ፣ ምንም ባዶ ቦታ ሳያስቀሩ፣ ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው ተጠንቅቀው። በንጹሕ ሳህን አድርገው ፊቴ አኖሩት። የራሳቸውንም ይዘው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

የኦቾሎኒ ቅቤ አልወድም። ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፤ እንደ እኔ አብሳይ ለሆነ ሰው የሚቀርብ ምግብ አይደለም። በልቼ ጨረስኩት። ጋሼ መኮንን የራሳቸውን እየበሉ እኔን ሲመለከቱ ነበር። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ተነሡ።

"ልድገምህ?"

"ይድገሙኝ ጋሼ" አልኩ፤ ወንበሬንም ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረግሁ።